አበቃ ከተባለ በኋላ የቀረው ሳል

ይህን የምጽፈው ከሱቅ ኋላ ባለች ክፍል ውስጥ ሳሏን በትራስ አፍና ለምትተኛ እህት ነው። እኔም እንደዚያ ተኝቻለሁ። ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ያደግሁትም ዝም ማለትን ተምሬ ነው። ዝምታዬ ያደረሰውን ግን አይቻለሁና እፍረቴን ይዤ እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ምሮኛል፤ ይህን አስቀድሜ ልበል።

አገሬ ከምባታ ነው፤ ከዱራሜ ወጣ ያለ ቀበሌ። አሁን ከባለቤቴ ከታምራት ጋር ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ስፓዛ አለን። ስፓዛ የሰፈር ሱቅ ነው። ዳቦ፣ ዘይት፣ የስልክ ካርድ፣ ለልጆች ከረሜላ በብረት ፍርግርግ በኩል እንሸጣለን። ከሱቁ ኋላ ባለችው አንድ ክፍል እኔ፣ ታምራትና ልጃችን ምሕረት እንኖራለን። ምሕረት ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር።

የታመምኩት ኮሮና ሊያበቃ ነው በሚባልበት ዓመት ነው። በቴሌቪዥን ስለ ኮሮና ሲያወሩ እንደ ጦርነት ነበር፤ የመላው ዓለም ጦርነት። በዚያ ዓመት ጦርነቱ አለቀ መባል ተጀመረ። ሰዉ ጭምብሉን መጀመሪያ አገጩ ላይ አወረደው፣ ከዚያ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ረሳው። ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ያለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሻችንም ተከፈተና እንደ ድሮው ተሰበሰብን። በመጀመሪያው እሑድ ያላለቀሰ አልነበረም። የሞቱት ሰዎች ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ የቀረነው ተቃቀፍን።

እኔ ያን ጊዜ ማሳል ጀምሬ ነበር።

ሳሉ በመጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጎኝ ይተወኛል። ከዚያ የሌሊት ላብ መጣ። አንሶላውን ስነሣ እንደታጠበ ልብስ ይከብደኝ ነበር። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ታምራት ጾም አብዝተሻል አለኝ፤ እኔም እንደዚያ እንዲሆን ፈለግሁ።

በዚያ ዘመን ሳል ሱቅ ያዘጋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደንበኞች ተሰልፈው ሳለ ሳሉ ያዘኝ። ሁልጊዜ የሚቀልድብኝ አንድ የሰፈር ጎረምሳ አንገቱን ወደ ፍርግርጉ አስጠግቶ፣ «ማማ፣ ዳቦውን የምትሸጪው ከነኮሮናው ነው ወይስ ለብቻው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ሌላ ሳል አመጣ። ሰልፉ አንድ በአንድ ተነቅሎ ወደ ታችኛው ሱቅ ሄደ።

ተመረመርኩ፤ ኮሮና አይደለም ተባልኩ። ታምራት ለዘመድ ለወዳጁ ሁሉ ደወለ። «ኮሮና አይደለም» ሲል «ጤነኛ ናት» ያለ ያህል ነበር፤ የሰማውም እንደዚያው ሰማው። በዓለም ላይ አንድ በሽታ ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

ሳሉ ግን አልሄደም። ወደ መንግሥት ክሊኒክ ስሄድ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወረቀት ጠየቀኝ። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው ያለፈው ቢሮዎቹ በተዘጉበት ወቅት ነበር። ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም፤ ከኋላዬ ያሉ ሰዎችም ያዩኝ ጀመር። አፍሬ ተመለስኩ። ከተማ መሃል ያለ የግል ሐኪም ዘንድ ሄድን። ከሩቅ ሆኖ በፍጥነት አዳመጠኝና የአየር ቧንቧ ቁስለት ነው ብሎ ክኒንና ሽሮፕ ሰጠኝ። ወሰድኩት፤ ቀለል አለኝ። አንድ ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ። በጣም ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የእህቶች ጸሎት መሪያችን እህት አስቴር ናት። ከተማ ውስጥ ልብስ ትነግዳለች። አንደበቷ ፈጣን ነው፤ እጇም ለችግረኛ ፈጣን ነው፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ በተዘጋበት ጊዜ በየሱቁ እየዞረች ዱቄት ያደረሰች እሷ ናት። እንደ ተሻለኝ ስትሰማ እሑድ መመስከር አለብሽ አለችኝ። ትንሽ ልቆይ፣ ልየው አልኳት።

«ጌታ ጨርሶ ሳለ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ደረሰኝ ነው?» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ የዳነ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። የታመመ አይመሰክርም፤ የታመመ ይጸለይለታል። ምስክርነት አንዴ ከአፍ ከወጣ ደግሞ የሰውየው ንብረት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ክብር ነው። እሑድ ተነሥቼ፣ ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ጸጋነሽ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ጸጋነሽ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ከባሏ ጋር ሱቅ ያላት ልጅ ናት። ወላጆቿ አገር ቤት ናቸው፤ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እንደ ታላቅ እህቷ ነው የምታየኝ።

ወደ አይቮሪ ፓርክ በሚመልሰን ታክሲ ውስጥ ሳሉ መጣ። በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። ታምራት አየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሌን መደበቅ ሥራዬ ሆነ። ታምሜአለሁ ብል እግዚአብሔር አልፈወሰኝም ማለት ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ እንዲወጣ አልፈለግሁም። ሱቅ ውስጥ ሳሉ ሲመጣ ማቀዝቀዣው ኋላ እሄዳለሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ መዝሙር ከፍ እስኪል እታገሠዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ግን የእህቶች ጸሎት ነበር። የምንሰበሰበው ጸጋነሽ ሱቅ ኋላ ባለችው ክፍል ነው። ጎረቤት በድምፃችን እንዳይቆጣ፣ ሌባም እንዳይገባብን በሩንም መስኮቱንም ዘግተን እንጸልያለን። ጸጋነሽ አጠገቤ ትቀመጥና ሲደክማት ራሷን ትከሻዬ ላይ ታደርጋለች።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ አስም ነው አለን። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ገዛን። ለሱቁ ዕቃ መግዣ ያስቀመጥነው መሳሳት ጀመረ። ታምራት ማታ ማታ የቀረውን ገንዘብ ይቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጣሪያው የሚናገር መስሎ፣ የዳነ ሰው እንዴት በየሳምንቱ ሐኪም ይቀይራል አለ።

የሌሊቱን ፍርሃት ማብዛት አልፈልግም። የታመመ ያውቀዋል። የምሕረትን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ የእኔ ያፏጫል፣ የእሷ ንጹሕ ነው። እጸልያለሁ፤ ግን ጸሎቴ እንኳ እፍረት ነበረበት። ድኛለሁ ብዬ አመስግኜ እንደገና አድነኝ ማለት እንዴት ይቻላል?

አንድ ንጋት ደም መጣ።

ለታምራት የሳልኩበትን ጨርቅ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። በጨለማ ተነሥቶ ክሊኒኩ በር ላይ አደረሰኝና ሱቁን ሊከፍት ተመለሰ። ዘበኛው ወረቀት ሲለኝ የያዝኩትን ጨርቅ አሳየሁት። ዘወር አለልኝ።

ግቢው ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ቁጭ አልኩ። የክረምት ጠዋት ነበር፤ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ይገባል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሳትጠይቀኝ ብርድ ልብሷን ግማሹን ጉልበቴ ላይ ጣለች። ቋንቋዋን አላውቅም፤ በሰላምታ ብቻ ተግባባን። የምታክመን ነርስ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሲስተር ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ሁላችንንም ሲሲ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ ትለናለች። ትንሽ ጠርሙስ ሰጥታኝ ከክፍሉ ኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ከጥልቅ ስዬ አክታ እንዳመጣ ነገረችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስደብቀው የኖርኩትን ሳል በይ አውጪው ስባል እንባዬ መጣ።

ከዚያ የኤች አይ ቪ ምርመራ አለ አለችኝ፤ እንዲህ የሚያስል ሁሉ እንደሚጠየቅ አስረዳችኝ። በእኛ ሰዎች መሃል ይህ ስም አይጠራም። ጣቴን ስሰጣት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የለብሽም አለችኝ። ወጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ያቺ ብርድ ልብስ ያካፈለችኝ ሴት ከእኔ ቀጥላ ገብታ ወጣች። ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱን እንደገና ለሁለታችን አለበሰች፤ ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ምስጋናዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ያን ጠዋት ሳስታውስ ያቃጥለኛል።

የአክታው ውጤት በሌላ ቀን መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እዚህ ቲቢ ይሉታል። ሲስተሯ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይድናል። መድኃኒቱ በነጻ ነው። ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ግን በሽታውን ማጠንከር ነው። ኮሮና የሁሉንም ዓይን ስለያዘ እንዲህ የዘገዩ ብዙ ሰዎች እንዳየች ነገረችኝ። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ በር ዘግተሽ አብረሽ የምትተነፍሺው ከማን ጋር ነው ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴና ልጄ አልኩ። ጻፈች። ሌላስ፣ ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስብሰባ አለች። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ሌላ የለም» አልኩ።

ለታምራት ስነግረው በመጀመሪያ የፈራው ለእኔ ነው፤ ይህን አይቻለሁ። ቀጥሎ ግን ለሱቁ ፈራ። በዚህ አገር የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍ ሁለታችንም አይተናል። «ነቀርሳ ያለባት የውጭ ሴት ዳቦ ትሸጣለች ካሉ፣ በአንድ ቀን ባዶ ግድግዳ ነው የሚቀረን» አለኝ። ጨጓራ ነው እንበል ተባባልን። ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለአገር ቤትም፣ ለጎረቤትም ጨጓራ።

እሱና ምሕረት ሱቁ ውስጥ በሩዝ ጆንያዎች መሃል መተኛት ጀመሩ። እኔ መስኮት ከፍቼ በክፍሏ ውስጥ ብቻዬን። ምሕረትን መረመሯት፤ በሽታው አልያዛትም፤ እንዳይዛት ግን በየቀኑ መድኃኒት ታዘዘላት። ትተፋው ነበር። በግድግዳው በኩል ታምራት በማር አድርጎ ሲለምናት እሰማለሁ። የእኔ ክኒን ሽንትን ቀይ ያደርጋል፤ ሲስተሯ ነግራኝ ነበር፤ ረስቼው መጀመሪያ ሳየው የምሞት መስሎኝ ጮህኩ። ታምራት ሮጦ መጣ። ምን እንደሆነ ሲገባው በር ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

እህቶች ጨጓራዬን ሊጠይቁ መጡ። አስቴር የአጃ ሾርባ ይዛ መጥታ በርበሬ እንዳልቀምስ አስጠነቀቀችኝ። ጸጋነሽ ልትስመኝ ስትጎነበስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ቀና ብላ ወጣች። በኋላ ታምራትን ምን አጠፋሁ ብላ ጠይቃዋለች። አስቴር ስትወጣ በር ላይ ሆና፣ ልጅቷ ራሷ ደክሟታል፣ እርግዝናው ከብዷት ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ጉንፋንም ይዟታል አለች።

ጉንፋን። ያቺን ቃል ይዤ ተኛሁ፤ ይዤያት ነቃሁ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአገር ቤት ደወለች። ጨጓራ ነው አልኳት። ስናገር ሳልኩ። ከዚያ በቋንቋችን የነገረችኝን እኔ በአማርኛ እንዲህ እጽፈዋለሁ።

«ልጄ፣ አያትሽ ከአልጋው አጠገብ ውኃ አያጣም የነበረው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኩ። አያቴ፣ ማለትም የእናቴ አባት፣ የሞተው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ዓመት እሱ ትንሽ ልጅ ነበር አለችኝ። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ ቆዳና ማር እያስጫነ አዲስ አበባ ይሄዳል። በጦርነቱ ምክንያት ጨርቅ ጠፍቶ ነበርና ሰው ቆዳ ለብሶ ነበር። በዚያ ዓመት በኅዳር መጨረሻ ነጋዴው ከአዲስ አበባ አቡጀዲ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ። ጦርነቱ አልቋል፣ የባቡሩ ዕቃ መጥቷል፣ ከእንግዲህ ጨርቅ ይረክሳል ብሎ አወጀ። ሰፈሩ በሙሉ ቤቱ ተሰብስቦ ጨርቁን እየዳሰሰ አመሸ። በሬ ታረደ። ወሬውም ጨርቁም የመጡት በእሱ ነበርና ትልቅ ሰው ሆኖ ዋለ።

ያን ጊዜ የኅዳር በሽታ የሚሉት ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ ሰው እየጨረሰ ነበር፤ ነጋዴው አብሮት መምጣቱን አላወቀም። ቀናት አልፈው ሰው መውደቅ ጀመረ። በዚያ አገር የታመመ ቤት የእንሰት ቅጠል በመግቢያው ላይ ያስር ነበር። ቅጠሉን ያየ አይገባም፤ ግን ውኃና ምግብ ከቅጠሉ ሥር አስቀምጦ ተጣርቶ ይሄዳል። ቅጠል ያሰሩ ቤቶች ብዙ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ብዙ ሰውም ተርፎላቸዋል።

«ነጋዴው አያቴ ግን ቅጠል አላሰረም» አለች እናቴ። «ጦርነቱ አለቀ፣ ሰላም መጣ ያለ እሱ ነው። ቅጠል ቢያስር በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት መሰለው። በሩን ዘጋ። ሰዉም ደህና ነው፣ ከመንገድ ድካም ያርፋል አለ። ውኃ ያስቀመጠለት የለም።»

በሩን ሲከፍቱት በሕይወት የተገኘው አንድ ልጅ ነበር፤ አያቴ። እናቱ፣ አባቱ፣ እህቶቹ ሞተዋል። ተነሥቶ ውኃ የሚቀዳላቸው ሰው አጥተው ነው እንጂ ወንዙ ከቤቱ ቁልቁል ይታያል። ያ አቡጀዲ መገነዣ ሆነ፤ ለእነሱም፣ ለሰፈሩም። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ከጦርነቱ የከፋ ነበር አለችኝ። ያልታጨደ እህል በየማሳው ረገፈ፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን ዘመድ ተከፋፈላቸው፤ አያቴ ጎረቤት ቤት አደገ። ያሳደጉት ሰዎች ቅጠል አስረው የነበሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት።

«ስለምናፍር ነዋ» አለችኝ። «ጨጓራ ነው በይ፣ እሺ። ግን ቅጠል ሳታስሪ ደጅሽ የሚመጣው ማን ነው?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተነሥቼ ታምራት ጋ ሄድኩ። ስለ ጸጋነሽ ነገርኩት። ለሲስተሯ መዋሸቴንም ነገርኩት፤ ያን አያውቅም ነበር። እሑድ ቆሜ እናገራለሁ አልኩት። ረጅም ጊዜ የዳቦ ቅርጫቶቹን ሲደረድር ቆየ። ከዚያ እሑድ ሱቁን ዝጊው፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ። እሑድ ዋና ገበያችን ነው።

ሲስተሯ በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ስለሠራ ለሌላ ሰው እንደማላስተላልፍ ነግራኝ ነበር። ቢሆንም ጭምብል አድርጌ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ልመስክር ብዬ ስጠይቅ ፓስተሩ ለጨጓራው ምስጋና መስሎት ደስ አለው። እንዲህ አልኩ፦

«ከዚህ በፊት እዚህ ቆሜ ድኛለሁ ብያለሁ። አልዳንኩም ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው ያለብኝ፤ መድኃኒት ላይ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ አብራችሁኝ የጸለያችሁ እህቶች፣ እባካችሁ ተመርመሩ። ይቅር በሉኝ።»

እልልታ የለም። አንድ ሕፃን አለቀሰ። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ወንበራቸውን ትንሽ ሸሸት አደረጉ፤ አልፈርድባቸውም። ፓስተሩ በመጨረሻ እንጸልይ አለ፤ ሰው ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ መስኮቶቹን ክፈቱ አለ።

ውጭ አስቴር ጠበቀችኝ። ተናድዳ ነበር፤ ዓይኖቿም እንባ ነበረባቸው። «እህቴ፣ ዝም ብለሽ ብትድኚ ምን ነበረበት?» አለችኝና ሄደች።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ስሞቹን ለሲስተሯ ሰጠሁ። አልገሠጸችኝም፤ ጻፈቻቸው ብቻ። እህቶች መምጣት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ከእኔ ራቅ ብለው፣ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው። ሳልጠብቃት አስቴርም መጣች፤ የእሑድ ልብሷን ለብሳ። ጠርሙሱን ስትቀበል፣ ይህን ያህል ዘመን ጸልዬ በመጨረሻ ምራቅሽን አምጪ ተባልኩ አለች፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ሐበሾች ሁሉ ሳቁ። ለእኔ አልሳቀችም፤ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ነጻ ነበረች። ሌሎቹም ነጻ ነበሩ።

ጸጋነሽ ነጻ አልነበረችም።

ሱቋ ድረስ ሄድኩ። በፍርግርጉ በኩል አየችኝ። ከአንቺ ነው አለችኝ። ሲስተሯ ከማን እንደያዛት ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ በዚህ ሰፈር ቲቢ ብዙ ነው ብላኛለች። እኔ ግን ከእኔ ይመስለኛል አልኳት። መስኮቱን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ደንበኛ እንደሌለው ሰው።

የሲስተሯ ቃል ግን ጌታ ራሱ ያዘዘው ያህል አጽናናኝ። ቶሎ ተገኝቷል፣ መድኃኒቱ እርጉዝ ሴት የምትወስደው ነው፣ ከመውለዷ በፊት ብዙ ጊዜ አላት፣ በመውለጃዋ ሳትታከም ደርሳ ቢሆን ሕፃኑ ነበር የሚያሳስበን አለችኝ። በየወሩ መድኃኒት የምንወስድበት ቀን ይገጥማል። በመጀመሪያ ሌላ ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ወንበር ጠፍቶ አንድ ቀን ጎኔ ቁጭ አለች። ቀጥሎ በመጣው ወር ወንበር ነበር፤ እሷ ግን እዚያው ተቀመጠች።

ወሬው ሰፈሩ ውስጥ ተሰማ፤ የፈራነው ዝርፊያ ግን አልደረሰብንም። የሚቀልደው ጎረምሳ፣ ማማ መድኃኒትሽን ወሰድሽ እያለ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፤ አክስቱም ያንኑ በሽታ ታምማ ኖሯል። የሄዱ ደንበኞችም አሉ፤ አልተመለሱም።

አንቺ በትራስ ሳልሽን የምታፍኚ እህት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት ካለብሽ አክታሽን አስመርምሪ። ኮሮና አይደለም መባል ብቻ አይበቃም። መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ ለውጭ ሰውም ይሰጣል። ዘበኛ ቢመልስሽ በማግስቱ ሂጂ። ስትጸልዩ መስኮት ክፈቱ። ከሰጠሽው ምስክርነት ይልቅ ጎንሽ የምትቀመጠው እህት ትበልጣለች። እግዚአብሔር በእኔ አላፈረም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ እፍረቴም አልለቀቀኝም፤ ግን አብሬው መኖር ተማርኩ።

ስድስቱ ወር አልቆ የመጨረሻውን አክታ ሰጠሁ፤ በሽታው የለም ተባልኩ። ሲስተሯ እጄን ጨበጠችኝ። ማንም መስክሪ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቤት ገብቼ ምሕረትን አንገቷ ሥር ሳምኳት፤ ጢም የለሽም፣ የአባዬ አሳሳም ይሻላል አለችኝ።

ጸጋነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ለጥንቃቄ መድኃኒት ተሰጠው፤ ደህና ነው። ጥየቃ አልሄድኩም፤ ታምራትን ዱቄትና ስኳር አስይዤ ላክሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቃችን በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ሕፃኑን አዝላ። ከታክሲ ስትወርድ እጇ ቆሽሾ ነበር። ልታጠብ አለችኝና፣ እሺ ሳልል ከጀርባዋ አውርዳ ክንዴ ላይ አስቀመጠችው።

ከብዶኝ ነበር። ፊቱን ወደ ደረቴ፣ ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ። ደጃችን ካለው ቧንቧ ሥር ሆና ወደ እኔ አየች፤ ውኃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ቆመች።

«እህቴ፣ ተንፍሺ እንጂ» አለችኝ።

ትንፋሼን ይዤ እንደቆየሁ ያወቅሁት ያኔ ነው። ተነፈስኩ።